ሐኪም ስለ ቤታችሁ ጠመንጃ ቢጠይቅ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ ከዚህ ቀደም ስለ ምድጃ እሳት፥ ስለ ፈላ ውሃና ክዳን ስለ ሌለው ጕድጓድ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ብዙ ሰው ከቤት ዕቃ ስለማይቈጥረው፥ ነገር ግን ከቤት ዕቃ ሁሉ ይልቅ ለሕፃናት ስለሚያሰጋው ስለ ጠመንጃ ነው። ይኸውም ጠመንጃ መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም ብለን ለመከራከር አይደለም። ይህን የሚወስነው ሕግ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ማናቸውም ባለ መሣሪያ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። የኛ አሳብ በቤት ውስጥ ያለ ጠመንጃ እንዴት ሊቀመጥ እንደሚገባና የጤና ሠራተኛ ስለዚሁ ነገር ቢጠይቅ ምን ብሎ መመለስ እንደሚሻል ለአባቶችና ለእናቶች ለማስረዳት ነው።

በአዊ አገር፥ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው ደጋ፥ የሰው ክብር በሁለት ነገር ሲገለጽ ኖሯል፤ አንዱ ፈረስ ነው፥ አንዱ ጠመንጃ ነው። ስለ ፈረሱ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በያመቱ ጥር 23 ቀን በሚያደርገው በዓል ይመሰክራል፤ ወደ ዐድዋ ዘምተው የቀሩት ፈረሶች ውለታ በዚያ ቀን ይታሰባል። ስለ ጠመንጃውም ቢሆን ታሪክ አለ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ የጎጃም አርበኛ በዱር በገደሉ የኖረው በጠመንጃው ነው፤ በ1933 ዓ.ም. በዳንግላ የነበረው የኢጣልያ ጦር ምሽጉን ትቶ ሲሄድም የአርበኛው ተኩስ ድርሻ ነበረበት። ስለዚህ ምንሽሩና ውጅግራው ከአባት ለልጅ፥ ከልጅ ለልጅ ልጅ እንደ ርስት ሲወርድ ቈይቶ፥ በኋላም ክላሽ የሚባለው መሣሪያ ሲተካው ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ወይም ከራስጌ ተደግፎ ማደሩ ለማንም እንግዳ ነገር አልሆነም። ዐይን የለመደው ነገር ግን ልብን አያስጠነቅቅም፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስብ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከአንድ ገበሬ ቤት ገባች እንበል። የሕፃኑን የክትባት ወረቀት አየች፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፥ ስለ እንስራው ክዳን፥ ስለ እናቲቱ ጤና ጠየቀች። ለዚህ ሁሉ መልካም መልስ ተሰጣት። ከዚህ በኋላ ዐይኗን ወደ ምሰሶው አንሥታ፦ «አባቴ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ያ የተሰቀለው ጥይት ጎርሷልን?» ብላ ብትጠይቅ ቤቱ ዝም ይላል። ባለቤቱም፦ «ልጄ፥ አንቺ ለመርፌና ለክኒን የተላክሽ ነሽ፤ የጠመንጃው ነገር አንቺን ምን አገባሽ? ማንስ ጠይቂ ብሎ ላከሽ?» ይላታል።

እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ክፉ ሰው ነው አንልም። ስለ ጠመንጃ የሚጠይቅ ሰው ከጥንት ጀምሮ ወይ ግብር ፈላጊ፥ ወይ ትጥቅ ፈቺ፥ ወይ ባለ ደም ነው ተብሎ ሲጠረጠር ኖሯል። ከዚህም በላይ በዐማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ጦርና በታጣቂዎች መካከል በተነሣው ግጭት ምክንያት ስለ መሣሪያ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ የሚያስፈራ ሆኗል። ይህን ፍርሃት አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ጸሐፊ ለአንባቢው እውነቱን አልነገረውም። ነገር ግን ፍርሃቱ እውነት ቢሆንም አደጋው ደግሞ እውነት ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ለያይቶ መመርመር ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የጤና ሠራተኛ ለምን ይጠይቃል? የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሳቡ ሕመምተኛውን በሐኪም ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ሳይሆን፥ ሕመሙ ሳይመጣ ከቤቱ ሄዶ መከላከል ነበር። በጃዊ ቆላ ያለውን ሰው ስለ አጎበር የሚጠይቁት ወባ ከያዘችው በኋላ አይደለም። እንደዚሁ ሁሉ ጥይት ከባረቀ በኋላ ሐኪም የሚሠራው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። ከባንጃ ወይም ከፋግታ ለኮማ ገጠር ደሙ የሚፈስ ሕፃን በቃሬዛ ተይዞ እስከ መኪና መንገድ፥ ከዚያም እስከ እንጅባራ ወይም እስከ ዳንግላ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ የሚያልፈውን ሰዓት አባትና እናት ራሳቸው ያስሉት። በዚህ ነገር ላይ የሚጠቅመው መድኃኒት አስቀድሞ የሚሰጠው መድኃኒት ብቻ ነው፤ እርሱም ቍልፍ ነው።

ይህ ጥያቄ በሌላውም ዓለም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት አንድ የሕፃናት ሐኪም በቤትሽ ጠመንጃ አለን ብሎ የጠየቃት እናት መልስ አልሰጥም ስላለች ሌላ ሐኪም ፈልጊ ተባለች። ከዚህ በኋላ የግዛቲቱ ሸንጎ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2011 ዓመት፥ ለሕክምናው ካላስፈለገ በቀር ሐኪም ስለ ጠመንጃ እንዳይጠይቅና በመዝገብም እንዳይጽፍ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሐኪሞች ይህን ተቃውመው ከሰሱ፤ ከከሳሾቹም አንዱ ዶክተር በርንድ ቮልሽሌገር የሚባሉ የቤተ ሰብ ሐኪም ነበሩ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በየካቲት 2009 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት በሙሉ ጉባኤ ተቀምጦ፥ መጠየቅንና መጻፍን የሚከለክለው ክፍል የሐኪሙን የመናገር ነፃነት ይነካል ብሎ ሻረው። ነገር ግን ሐኪም በሽተኛውን ጠመንጃ ስላለው ብቻ እንዳያዳላበት የሚያዘውን ክፍል አጸናው። ከዚህ ፍርድ እኛም የምንማረው አለን፤ ሐኪም ይጠይቅ ዘንድ ይገባዋል፥ ባለ ጠመንጃውን ግን ሊንቅ ወይም ሊያባርር አይገባውም።

በዚያ አገር የነገሩ ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ ለማስታወቅ፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ2020 ዓመት ጀምሮ ከ1 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው የመኪና አደጋ መሆኑ ቀርቶ የጠመንጃ ጥይት ሆኗል። የኛ አገር እንደዚያ አይደለም፤ ሕፃናቶቻችንን ከሁሉ ይልቅ የሚጨርሷቸው ሌሎች በሽታዎች ናቸው። ቢሆንም በክትባትና በንጹሕ ውሃ ከሞት የዳነ ልጅ ከአባቱ ምሰሶ ላይ በወረደ ጥይት እንዲሞት ማንም አይወድም።

ብዙ አባቶች፦ «ልጄን ጠመንጃ እንዳይነካ አስተምሬዋለሁ፤ ቃሌን አይተላለፍም» ይላሉ። ይህ የመልካም አባት ቃል ነው፤ ነገር ግን የሕፃንን ባሕርይ አያሸንፈውም። በአትላንታ ከተማ ሐኪሞች ይህን ነገር ፈትነው ውጤቱን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 ዓመት አሳትመውታል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑትን 64 ወንዶች ልጆች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እያደረጉ፥ ጥይት የሌለው ሽጉጥ በመሳቢያ ከተደበቀበት ክፍል አስገቧቸው። ከ29 ቡድኖች 21ዱ ሽጉጡን አገኙት፤ 16ቱ አንሥተው ያዙት፤ በ10ሩ ቡድኖች ውስጥ ምላጩን የሳበ ልጅ ተገኘ። ከነኩት ልጆች አብዛኞቹ አስቀድሞ ስለ ጠመንጃ አደጋ የተመከሩ ነበሩ። ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቍልፍ በሌለበት ምክር ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው አደጋ ከሕፃን ጨዋታ የሚከፋ ስለ ሆነ ሰው በአደባባይ አይናገረውም። ይኸውም አንድ ወጣት በፈተና ወድቆ፥ ወይም በትዳር ነገር አዝኖ፥ ወይም በመጠጥ ተሸንፎ ተስፋ በቈረጠበት ሰዓት ጠመንጃውን ከአጠገቡ ማግኘቱ ነው። ብዙ ሰው፦ «ሊሞት የቈረጠ ሰው ምን ይመልሰዋል?» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ የዚህ ዐይነቱ አሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል የሚያልፍ ነው። በእስራኤል አገር ጦር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2006 ዓመት ወታደሮች ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በሰፈሩ እንዲተዉ ታዘዘ። ከዚህ በኋላ በወጣቶቹ ወታደሮች መካከል ራስን መግደል በ40 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ወታደሮቹ ያው ነበሩ፥ ኀዘናቸውም ያው ነበረ፤ የተለየው በክፉው ሰዓት መሣሪያው ከእጃቸው መራቁ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤቱ ያዘነ ሰው ያለበት አባወራ ለጊዜው ጠመንጃውን ከቤት ቢያርቅ፥ እርሱም የሕጉን ሥርዐት ጠብቆ ቢሆን፥ ፈሪ አይባልም፤ ቤተ ሰቡን የሚጠብቅ አስተዋይ ይባላል እንጂ። የድንችና የእህል ተባይ የሚገደልበት መድኃኒትም ስለዚሁ ምክንያት ተቈልፎ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፦ «ተቈልፎ የተቀመጠ ጠመንጃ ሌባ ሲመጣ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ነው። ይህ ቃል በማሾፍ የሚታለፍ አይደለም፤ ከብቱን ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ሥጋቱ እውነተኛ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ ጠመንጃ ወይ በባለቤቱ እጅ ነው፥ ወይ በቍልፍ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ስፍራ ሊኖረው አይገባም። ባለቤቱ ለጥበቃ ሲወጣ ይዞት ይውጣ፤ ወደ እርሻ ወይም ወደ ገበያ ሲሄድ ግን ቈልፎት ይሂድ። ሌባ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን በየቀኑ ከቤት ውስጥ ነው። ደግሞም ያልተቈለፈ ጠመንጃ ራሱ ለሌባ የተዘጋጀ ሲሳይ መሆኑ አይዘንጋ።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ጠመንጃው ወደ ቤት ሳይገባ ጥይቱ ይውጣ። ይህ ሲደረግ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ለስላሳ መሬት ይዙር፤ አስቀድሞ የጥይት መያዣው ካዝና ይነቀል፥ ቀጥሎ መቀባበያው ተስቦ ውስጥ የቀረችው ጥይት ትውጣ፥ ከዚያም በዐይን ይታይ። ካዝናው ስለ ተነቀለ ብቻ ጠመንጃው ባዶ ሆነ የሚል ሰው ይሳሳታል፤ አስቀድሞ የጎረሳት አንዲት ጥይት በውስጡ ትቀራለችና።

2ኛ፤ ጠመንጃው በወፍራም ሣንቃ በተሠራ ሣጥን ይቈለፍ። ሣጥን ለማሠራት አቅም የሌለው ሰው ካዝናው በወጣበት ባዶ ስፍራ ቀጭን የብረት ገመድ አሳልፎ ከምሰሶው ጋር በጓጕንቸር ይቈልፈው።

3ኛ፤ ጥይቱና ዝናሩ ከጠመንጃው ተለይተው በሌላ ስፍራ፥ በሌላ ቍልፍ ይቀመጡ።

4ኛ፤ ቍልፉ ከባለ ጠመንጃው አካል አይለይ። ከበሩ በላይ ወይም ከመደቡ ሥር የሚደበቅ ቍልፍ ሕፃናት አስቀድመው የሚያውቁት ነው።

5ኛ፤ ጠላና አረቄ በሚጠጣበት ቀን ጠመንጃ ከሣጥኑ አይውጣ። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኰስም ይቅር፤ ወደ ላይ የወጣች ጥይት የምትወድቅበትን ስፍራ የተኰሰው ሰው አይመርጥላትም።

6ኛ፤ እናቶች ልጃቸው ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ቤት ሲያድር፦ «እትዬ፥ የቤታችሁ ጠመንጃ ተቈልፏልን?» ብለው ለመጠየቅ አይፈሩ። ስለሚናከስ ውሻ እንጠይቅ የለምን?

ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ፥ መቈለፍ፥ ጥይቱን መለየትና ጥይቱንም መቈለፍ የተባሉት አራቱ ልማዶች በአሜሪካ ተመርምረው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2005 ዓመት በታተመው ጥናት፥ እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን ጕዳት ከመቀነስ ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል። በሌላ ጥናት ደግሞ የሕፃናት ሐኪሞች ወላጆችን በጥቂት ቃል መክረው የጠመንጃ ቍልፍ በነፃ በሰጧቸው ጊዜ ቈልፎ ማስቀመጥ እንደ ጨመረ ታይቷል። ስለዚህ የሚጠይቀው ሠራተኛ ከቃሉ ጋር አንድ ጓጕንቸር ቢያመጣ ምክሩ ይበልጥ ይሰማል፤ ይህንም የጤና ባለ ሥልጣኖች ቢያስቡበት ወጪው ብዙ አይደለም።

ለሚጠይቁት ሠራተኞችም የምንለው አለን። ጥያቄው በትሕትና፥ አዊኛ ለሚናገረውም ሰው በአዊኛ ይሁን። በምስክር ፊት ወይም በጎረቤት ጆሮ አይጠየቅ። ስንት ጠመንጃ አለህ፥ ዐይነቱ ምንድር ነው፥ ከየት አገኘኸው፥ ፈቃድ አለህን የሚለው የጤና ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ ይህን የሚጠይቅ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። የጤና ሠራተኛ ጥያቄ ሦስት ብቻ ነው፤ ባዶ ነውን? ተቈልፏልን? ጥይቱ ተለይቷልን? ከዚህም ይልቅ፦ «ጠመንጃ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ይሻላል» ብሎ መልስ ሳይፈልጉ ምክሩን ብቻ ሰጥቶ መሄድ ይቻላል። የሕፃኑን ነፍስ ለማዳን የባለቤቱ መልስ በመዝገብ መጻፍ አያስፈልገውምና።

ቤተ ሰቡም ይህን ይወቅ። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በቍጥር 399፥ ሐኪምና ነርስ ሌላም የሕክምና ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ያወቀውን የሰው ምስጢር ቢያወጣ ያስቀጣዋል። ፍርድ ቤት ሲያዝ ካልሆነ ወይም ባለ ምስጢሩ ካልፈቀደ በቀር በሥራ የተሰማ ነገር ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህን እምነት ያፈረሰ የጤና ሠራተኛ የሚጐዳው አንዱን ቤት ብቻ አይደለም፤ በነገው ቀን እናቶች ሕፃናታቸውን ለክትባት እንዳያመጡ ያደርጋቸዋል። በሌላው ወገን ደግሞ ይኸው ሕግ በቍጥር 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጕዳት አባቱን ኀላፊ ያደርገዋል። ነገር ግን ልጁን በገዛ ጠመንጃው የቀበረ አባት ቅጣቱን ከፍርድ ቤት አይጠብቅም፤ ዕድሜውን ሁሉ ከቤቱ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጀመርነው ምሳሌ እንመለስ። ያች ልጅ፦ «አንቺን ምን አገባሽ?» በተባለች ጊዜ እንዲህ ብላ ብትመልስ መልካም ይሆናል፤ «እውነትዎን ነው አባቴ፤ የጠመንጃው ነገር አያገባኝም። ከየት እንደ መጣ አልጠይቅም፥ በወረቀትም አልጽፍም። ይህን ሕፃን ግን ሦስት ጊዜ ከትቤዋለሁ፤ ስለ እርሱ ያገባኛል። ፈረስዎን ሌሊት ሳያስሩ አያድሩም፤ ሰው እንዳይረግጥ ብለው ነው። ይህንም እንደ ፈረሱ ይሰሩልኝ።»

እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው ቍጣ አይገባውም። አባትየው ለእርሷ ቃል ባይመልስላት እንኳ፥ ከሄደች በኋላ ወደ ምሰሶው ተነሥቶ፥ ጠመንጃውን ወደ ሜዳ አውጥቶ፥ የጎረሳትን ጥይት አውጥቶ፥ በሣጥን ቢቈልፍ ጥያቄዋ ፍሬ አፍርቷል። ይህን ጽሕፈት የሚያነብ አባወራም ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት፥ ማንም ሳይጠይቀው፥ የቤቱን ምሰሶ ቀና ብሎ ይመልከት።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅልን።